የጉዞው ዓላማ

ታላቅ ወንድሜ ወደ አሜሪካ ከሄደ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ከሚልክልን ፎቶግራፎች መካከል ልቤን ይማርኩት የነበሩት በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በዓል ላይ የተነሡት ናቸው። ይህ ፌዴሬሽን በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን በዓሉን በየዓመቱ ያዘጋጃል። ቀን ቀን ከልዩ ልዩ ከተሞች የመጡ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች እግር ኳስ ይጋጠማሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ድምፃውያን ከመድረክ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም እስክስታ ሲመታ ያመሻል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሙዚቃ ወዳድ ነኝና ከአዳማ ተነሥቼ በዚያ በዓል ላይ ለመገኘት ቈረጥሁ።

ዕቅዴን የጀመርሁት ከመጨረሻው ነው። በዓሉ የሚውለው በአሜሪካ የነጻነት ቀን አካባቢ ነው፤ ይህም ቀን በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 27 ይሆናል። በእኛ ሰማይ ላይ የክረምቱ ደመና ሲከብድ በእነርሱ ዘንድ በጋ ነው። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየቈጠርሁ ለአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ለቪዛው ቃለ መጠይቅና ለፓስፖርቱ ለየራሳቸው ጊዜ መደብሁላቸው። ለቃለ መጠይቁ በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ወጪውን ሁሉ በደብተር ጽፌ ስደምረው፣ በሦስት ዓመት ያጠራቀምሁት ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ሆነ።

ቅጹን መሙላት በጀመርሁበት ምሽት እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቡና ታፈላ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ የጉዞው ዓላማ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። ጮክ ብዬ አነበብሁላትና፣ «ሙዚቃ ለመስማት ነው እንጂ ሌላ ምን እላለሁ?» ብዬ ሣቅሁ። እናቴ ግን አልሣቀችም። ሲኒዎቹን እየደረደረች፣ «ዘፈኑስ እዚህም በሬዲዮ ይሰማል፤ የልጅ ጠረን ግን በስልክ አይመጣም» አለች። ቃሉ ለእኔ የተነገረ አይመስልም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀንና ገንዘብ ስቈጥር፣ «መሄድ የሚገባው ማን ነው?» ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። እርሷ ደግሞ፣ «እኔስ?» ብላ አታውቅም። በዓሉ በየዓመቱ ይመጣል፤ የእናቴ ጕልበት ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ካወቅሁ በኋላም ቢሆን መወሰኑ ቀላል አልሆነልኝም። የፎቶግራፎቹ መድረክ እስኪነጋ ድረስ በዓይኔ ላይ ይመላለስ ነበር።

በማግስቱ የራሴን ቅጽ ትቼ በእናቴ ስም አዲስ ጀመርሁ። የተወለደችው በታኅሣሥ ግርግር ዓመት በሚያዝያ ወር እንደ ሆነ ስትነግረኝ፣ የእኛ 1953 በእነርሱ 1961 መሆኑን አስልቼ ጻፍሁ። የጉዞውን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደ ሆነ በተጠየቀበት ቦታ ላይ የእኔን ስም ሞላሁ።

ወሬውን በነገርኋት ጊዜ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያም ተነሥታ በርበሬ ትለቅም ጀመር። በርበሬውንና ሽሮውን ለጓዟ መዘገብሁ። ቋንጣውን ግን ሥጋ ወደዚያ አገር ማስገባት የተከለከለ ስለ ሆነ ከዝርዝሩ ሰረዝሁት። በዚህ በጣም አዘነች።

አሁን የቃለ መጠይቁን ቀን እየተጠባበቅን ነው። መልሱ ምን እንደሚሆን ገና አላወቅንም። ማታ ማታ እኔ ጠያቂ፣ እርሷ መላሽ ሆነን እንለማመዳለን።

«የጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?»

«ልጄን ለማየት።»

«በዓሉንስ አያዩም?»

«ልጄ ከወሰደኝ አያለሁ» ትላለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የዘፈኑንም ነገር ለዚህኛው ልጄ እነግረዋለሁ» ትላለች።