ሲኖዶስን የሚያውቅ ሲንታክስን አይፈራም

አምበር ላይ ለሚማር ልጅ ከባድ እንግሊዝኛ ማለት የቃላት ዝርዝር ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ማታ ይሸመድደዋል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይጠፋበታል። ከዚያ የሚደርስበት መደምደሚያ ነው የሚያሳዝነኝ፦ "ይሄ ቋንቋ ለገበሬ ልጅ አይሆንም።"

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ልጁ ከእነዚህ ቃላት የብዙዎቹን ሥር ያውቃል። የነገረው ሰው ነው የሌለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ የሳይንስና የትምህርት ቃላቱን በብዛት ያገኘው ከላቲንና ከግሪክ ነው። ግእዝም ብዙ የቤተ ክርስቲያን ቃላትን ከግሪክ ተውሷል። ሁለቱም ከአንድ ጎተራ ሰፍረዋል ማለት ነው።

ሲኖዶስን እንውሰድ። "ሲን" አብሮ፣ "ሆዶስ" መንገድ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ መሰባሰብ፣ ጉባኤ። እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ከዚህች "ሲን" ጋር ነው የምውለው። ሲንታክስ አብሮ መደርደር ነው፤ ሲንክሮነስ በአንድ ጊዜ አብሮ መሆን። ኮድ ውስጥ "ሜተድ" የምንለውም ያችኑ "ሆዶስ" ይዟል፤ መንገድን መከተል።

መነኩሴ የመጣው "ሞኖስ" ከሚለው ነው፤ ብቻውን የሚኖር። ሞኖፖሊ ብቻውን የሚሸጥበት ገበያ ነው፣ ሞኖሎግ ብቻውን የሚናገርበት ንግግር። ጴጥሮስ ዓለት ነው፤ ፔትሮሊየም የዓለት ዘይት። ጠረጴዛችን ሳይቀር ግሪክ ነው፤ ጂኦሜትሪ ላይ የምናገኘው ትራፔዝየም በትውልዱ "ትንሽ ጠረጴዛ" ማለት ነው። ቁርአን የቀራ ጓደኛችንም የራሱ በር አለው፦ አልጀብራ የተሰበረን መጠገን ከሚለው የዓረብኛ ቃል መጣ፣ አልጎሪዝም ደግሞ ከሒሳብ ሊቁ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም።

ይሄ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። 9ኛ ክፍል ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ልጁ ሳይንስን በአማርኛ ሲማር "ብርሃን አስተጻምሮ" የሚለውን ያውቃል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና "ፎቶሲንተሲስ" ይመጣበታል። አዲስ ትምህርት ይመስለዋል። ግን "ፎቶ" ብርሃን ነው፣ "ሲን" አብሮ፣ "ቴሲስ" ማኖር፤ አስተጻምሮ ደግሞ ማጣመር። ያው የሚያውቀው ቃል እኮ ነው፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ! አንድ ደቂቃ ወስዶ ይህንን የሚነግረው ቢኖር፣ የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ አይሸመድድም ነበር።

በእርግጥ ሥር ፍንጭ እንጂ ሙሉ ፍቺ አይሰጥም። ዛሬ ትራፔዝየም ላይ ምሳ የሚያቀርብ የለም። ቃል ከተዋሰው ሰው ቤት ሲኖር ጠባዩን ይለውጣል፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ ማንበብ አይቀርም። ልዩነቱ ባዶ እጅ አለመጀመር ነው።

ደግሞ ተዋሺው እኛ ብቻ አይደለንም። አምበር ማሳ ላይ የሚታጨደው ጤፍ፣ ከነእንጀራው፣ በስሙ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። አንድ የእንግሊዝ ተማሪም "ጤፍ"ን እንደ ከባድ የባዕድ ቃል ቁጭ ብሎ ያጠና ይሆናል።

ስለዚህ ታናናሾቻችሁ የቃላት ዝርዝር ይዘው ሲቀመጡ ካያችሁ፣ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አስምሩላቸው። ርእሱ "የት አውቀዋለሁ?" ይሁን።