ላኪው ከፍሏል

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ለትምህርት ስኮትላንድ በነበርኩበት ጊዜ፣ የአንድ ሳምንት እረፍት አገኘሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደሴቶቹን ሳላይ አገሬ እንዳልገባ አጥብቆ መከረኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ በቅርብ ያየሁት ትልቁ ውሃ የሐዋሳ ሐይቅ ነበር። ከግላስጎው እስከ ኦባን ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር፣ ከኦባን እስከ ማል ደሴት ሃምሳ ደቂቃ ገደማ በመርከብ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ በመጨረሻም በትንሽ ጀልባ ተጓዝኩ። የደረስኩባትን ደሴት ስም አልጽፍም። ባለ ሱቋ "ስለ እኛ ከጻፍክ ስማችንን ተወው፤ ጸጥታችን ይበቃናል" ብለው ለምነውኛል።

ከጀልባው መውረጃ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ የድንጋይ ቤት አለ። በሩ ላይ ሁለት ጽሑፎች ተሰቅለዋል። አንዱ "መጻሕፍት" ይላል፤ ሌላው "ፖስታ ቤት"። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ቀይ የደብዳቤ ሳጥን ተገጥሟል። እውነቱን ለመናገር መጽሐፍ ልገዛ አስቤ ሳይሆን ዝናብ ስለያዘኝ ነው የገባሁት።

ውስጡ ከአንድ የሳሎን ክፍል አይበልጥም። ሦስቱ ግድግዳዎች እስከ ጣሪያው በመጻሕፍት ተሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ብዙ እጅ ያለፉ አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። በአራተኛው ግድግዳ በኩል ሚዛን፣ ማኅተም፣ የቴምብር መዝገብና አንድ ግራጫ ከረጢት ያለበት ጠረጴዛ አለ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ብቻቸውን ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ። ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አንድ አዛውንት ገንዘባቸውን ቆጥረው ኪሳቸው ካስገቡ በኋላ፣ ከመደርደሪያው አንድ የወንጀል ልብ ወለድ መዘው፣ ሂሳቡን እዚያው ከፍለው ወጡ።

"ሁለት ሥራ አይከብድዎትም?" አልኳቸው።

"አንዱ ብቻውን ቢሆን ይከብደኝ ነበር" አሉኝ። "በክረምት መጽሐፍ የሚገዛ ጎብኚ የለም። ፖስታውም ብቻውን የቤቱን ማሞቂያ አይከፍልም። አንዱ ሌላውን ደግፎ ነው በሩ የማይዘጋው።"

ሻይ አፈሉልኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ እንደሆንኩም ጨመርኩ። ወዲያው ተነስተው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ አወረዱልኝ። የደሴቶቹ ሰዎች በሚናገሩት በጌሊክ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የጌሊክ አዲስ ኪዳን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1767 ነው። እኔም በተራዬ ስለ አቡ ሩሚ ነገርኳቸው፤ በካይሮ አሥር ዓመት ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ስለተረጎመው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ። ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 በለንደን ሲታተም እሱ ካረፈ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። የደከመበትን መጽሐፍ ታትሞ አላየውም።

"1840 አልከኝ?" አሉና ፈገግ አሉ። "የእኛም ትልቅ ዓመት ነው።" ከዚያ ስለ ፖስታ የሚያወራ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ከፍተው አስተማሩኝ።

በብሪታንያ ከዚያ ዓመት በፊት የደብዳቤ ዋጋ የሚተመነው በርቀቱና በወረቀቱ ቁጥር ነበር። ዋጋውን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የላከው ሰው ሳይሆን የተላከለት ሰው ነው። ፖስተኛው በር ያንኳኳል፣ ዋጋውን ይናገራል፤ ድሃዋ እናት ገንዘቡ ከሌላት የልጇን ደብዳቤ በዓይኗ አይታ ትመልሰዋለች። ሮላንድ ሂል የሚባል፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ይህ እንዲለወጥ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1840 አሠራሩ ተለወጠ። ክብደቱ እስከ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም 14 ግራም ያህል የሆነ ደብዳቤ በአገሩ ውስጥ የትም ቢሄድ ዋጋው አንድ ፔኒ ብቻ ሆነ። ላኪው አስቀድሞ መክፈሉን የምታሳይ ትንሽ ጥቁር ቴምብርም በግንቦት ወር ወጣች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ተለጣፊ የፖስታ ቴምብር እሷ ናት። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የደብዳቤው ብዛት ከእጥፍ በላይ ጨመረ።

"እስከ ዛሬ ለለንደን ጎዳናም ሆነ ለእኛ ደሴት የአንድ ዓይነት ደብዳቤ ቴምብር ዋጋው እኩል ነው" አሉኝ። "ሩቅ ነህ ተብለህ አትቀጣም። ተቀባዩም ምንም አይጠየቅም። ላኪው ከፍሏላ!"

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ውድ አንባቢያን፣ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት በማስተምርበት የወጣቶች ክፍል ውስጥ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ግን ማስታወሻ ሳይዝ አይመጣም። ታናሽ እህቱ በጠና ታማ ስትተኛ ክፍሉ በሙሉ ጾመን ጸለይንላት። ልጅቷ አረፈች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ፈውስ ሳስተምር እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ ለእህቴ የጸለይነው ጸሎትስ የት ገባ? እምነታችን ስላነሰ ነው የሞተችው?" አለኝ።

መልሱን አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አፈርኩ። አርባ ያህል ወጣቶች እያዩኝ ነበርና "ይህ የጥርጣሬ መንፈስ ነው" አልኩት። በዚያ ሳላበቃ ከመቀመጫው አስነስቼ፣ መሐል አቁሜ፣ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው እንዲጸልዩለት አደረግኩ። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም።

ሁለት ወር ቆይቶ በቤተ ክርስቲያናችን የፖስታ ሳጥን አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። አንድ ገጽ ነው። ስድብ የለበትም። መልስ እንድሰጠው ሳይሆን እንድሰማው ብቻ ፈልጎ እንደነበር ይናገራል። ከጀርባው በአጎቱ መሥሪያ ቤት በኩል የሚደርስበት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ተጽፏል። ደብዳቤውን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። አራት ዓመት ሙሉ መልስ አልጻፍኩም።

ለራሴ የምነግረው ምክንያት ጥሩ ማብራሪያ እስካገኝ ድረስ የሚል ነበር። ከሥር ያለው ግን ሌላ ነው። እሱ እንዲመጣ ነበር የምፈልገው። ክፍሉን ጥሎ የሄደው እሱ ስለሆነ በሩን ማንኳኳት ያለበት እሱ ነው እል ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ ያ ሐሳቤ ከ1840 በፊት የነበረው ፖስታ መሆኑ ገባኝ። የበደልኩት እኔ፣ ሂሳቡን የማስከፍለው ግን እሱን! ያውም ሐዘን ላይ የነበረን ልጅ።

እኛ ወንጌል ብለን የምንሰብከው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሩቅ የነበርነው እኛ ነን፤ መንገዱን የመጣው እሱ ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው እሱ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ!

መጽሐፍ ቅዱሴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ደብዳቤው እዚያው ነበር። ድንገት አንድ ነገር ታሰበኝ። ለካ የያዝነው መጽሐፍ ራሱ እንደዚያ ሱቅ መጽሐፍም ፖስታም ነው። ከ27ቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት 21ዱ መልእክቶች ናቸው፤ በሰው እጅ ተጽፈው፣ በሰው እጅ ተይዘው፣ ባሕርና የብስ አቋርጠው የደረሱ ደብዳቤዎች። ፌቤን በሮሜ መልእክት፣ ቲኪቆስን በቆላስይስ መልእክት ታገኟቸዋላችሁ። ከሁሉ አጭሮቹ መካከል የፊልሞና መልእክት ናት፤ 25 ቁጥር ብቻ። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ሊያስታርቅ ይጽፋል። ቁጥር 18 እና 19ን አንብቧቸው። አናሲሞስ ያለበት ዕዳ ካለ በእሱ ላይ እንዲቆጠር፣ እሱም ራሱ እንደሚከፍል በገዛ እጁ ይፈርማል። ጳውሎስ አልበደለም፤ ግን ይከፍላል። እኔ በድዬም መክፈል አቅቶኝ ነበር።

"ከረጢቱ መቼ ነው የሚሄደው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሰዓታቸውን አዩ። በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አርባ ደቂቃ ቀርቶኛል። ወረቀትና ፖስታ ገዛሁና ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ጽፌ ቀደድኩ፤ ራሴን የምከላከልበት ደብዳቤ ሆኖብኝ ነበር። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ያህል ብቻ ነው፦

"ያን ቀን አልሰማሁህም። መልሱን ስለማላውቅ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ባንተ ላይ ጣልኩት። በሰው ፊት አዋረድኩህ። እህትህ የሞተችው እምነት ስላነሳችሁ አይደለም፤ እንዲህ እንድታስብ ካደረግኩህ በደሌ ነው። ለምን እንደሞተች ዛሬም አላውቅም። ይቅር በለኝ። መምጣት የለብህም፤ ከፈቀድክልኝ የምመጣው እኔ ነኝ። ካልፈቀድክም እረዳሃለሁ።"

ባለ ሱቋ ፖስታውን ሚዛን ላይ አኖሩ፣ የውጭ አገሩን ዋጋ ነገሩኝ፣ ቴምብሩን ለጠፉ። "መልስ ነው?" አሉኝ።

"አዎ። አራት ዓመት የዘገየ መልስ።"

"ይህ ከረጢት ስንት ዓመት ዘገየ ብሎ አይጠይቅም፣ ልጄ" አሉና ማኅተሙን መቱበት።

መልእክቱ በስልክ ቢሆን ኖሮ ልኬው ደግሜ አጠፋው ነበር። ይህን ግን ማጥፋት አልችልም። ጀልባዋ ከረጢቱን ጭና ስትርቅ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አየኋት። ደስታ አልተሰማኝም። የተሰማኝ ዕዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጥሮ ያመነ ሰው ስሜት ነው።

መስከረም ላይ አገሬ ገባሁ። መልስ አልመጣም ነበር። አጎቱን መሥሪያ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። "ደርሷል፤ በእጄ ሰጥቼዋለሁ" አሉኝ። ምን እንዳለ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እስከዛሬ ያለው ይኸው ነው። ፊልሞናም ደብዳቤውን አንብቦ ምን እንዳደረገ መጽሐፍ ቅዱስ አይነግረንም። አቡ ሩሚም የደከመበት መጽሐፍ በአንባቢ እጅ መግባቱን ሳያይ አረፈ። የላኪው ድርሻ መክፈልና መላክ ነው።

አንድ ነገር ግን ማድረግ ነበረብኝ። ያዋረድኩት በክፍሉ ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም በክፍሉ ፊት ተናገርኩ። ያኔ ከነበሩት ብዙዎቹ አድገው ሄደዋል፤ የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። የዚያን ቀን ትምህርቱን አላስተማርኩም። ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ለሁለት ዓመት ይዛው የቆየችውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። "አላውቅም፤ ግን ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ" አልኳት። እሷ ስትናገር ክፍሉ ጸጥ አለ።

የተወደዳችሁ፣ እናንተም መጽሐፋችሁ ውስጥ አጥፋችሁ ያስቀመጣችሁት ያልተመለሰ ደብዳቤ ይኖር ይሆናል። የሰፈር ጓደኛ፣ የመዘምራን ባልንጀራ፣ አባት ወይም ወንድም። "እሱ ይምጣ" እያላችሁ ከሆነ፣ ወደ እኛ ማን ቀድሞ እንደመጣ አስቡ። ጥሩ ቃል እስክታገኙ አትጠብቁ፤ እኔ አራት ዓመት ጠብቄ አላገኘሁትም። ያላችሁን አጭር እውነት ጻፉ። ከረጢቱ ሳይሄድ ድረሱበት።