ስም ነው ወይስ ቅጽል?

በዋግ ኽምራ፣ ዝቋላ ወረዳ ስናስተምር አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የታረመ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «አዛኝ እናት» በሚለው ውስጥ «አዛኝ» ምን ዓይነት ቃል ነው ብለን ጠይቀን፣ «ስም» ብሎ መልሶ ኖሮ ኤክስ አድርገንበታል። «ጋሼ፣ መድረሳ ‹ረሒም› ኢስም ነው ተብለናል። የአላህ (ሱ.ወ.) 99 ስሞች ታዲያ ስም አይደሉም?» አለን። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከሼኹና ከእኛ አንዳችን የዋሸነው መስሎታል።

እኛም ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት እየተማርን ያደግን ነንና ነገሩ ገባን። በ723 ሂጅራ ያረፉት ኢብን አጁሩም ገና በአጁሩሚያቸው መክፈቻ እንዳሰፈሩት፣ የዐረብኛ ነሕው ቃልን ለሦስት ብቻ ይከፍላል፦ ኢስም፣ ፊዕል፣ ሐርፍ። ቅጽሉም ተውላጠ ስሙም ኢስም ውስጥ ይገባሉ። የአማርኛ ሰዋስው ግን ድሮ ስምንት ክፍል ነበረው፤ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ አምስት አድርገውታል። በሁለቱም ቅጽል ለብቻው ነው። ደግሞስ «ኢስም» እንደኛው «ስም» ሁሉ መጠሪያም የቃል ክፍልም አይደል? ሼኹ ራሳቸው ቢስሚላህን ሲተነትኑ «አር-ረሒም»ን ሲፋ፣ ማለትም ገላጭ፣ ይሉታል።

ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጽፈን አሳየነው። ማርኩን አልመለስንለትም፤ የተፈተነው አማርኛ ነውና። እሱም አልጠየቀን። «ሼኹ አልዋሹም ማለት ነው?» አለ። «አልዋሹም» አልነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ መድረሳው ሮጠ።