ቀይ ለብሶ የሚያድነው የሳነቴ አዳኝ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲንሾ የደረሰ ሰው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያገኛል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተመሥርቶ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው ለባሌ ብርድ ካፖርት ይገዛል፤ አብሮኝ የሄደው የእህቴ ልጅ ግን የወታደር የሚመስል ዝንጉርጉር ልብስ ገዝቶ መጣ።

“አውሬ እንዳያየኝ ነው፣ አክስቴ” አለኝ።

ፓርኩ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ የእሱ አደን በካሜራ ነው። ጥያቄው ግን ጠመንጃ የያዘውንም ካሜራ የያዘውንም ይመለከታል፦ ልብስ ከእንስሳ ዓይን ይሰውራል?

የመጀመሪያው ፈተና ጋይሳይ ሜዳ ላይ ነበር። በ10 ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን እዚያ በመንጋ ይግጣል። አብሮን የነበረው ስካውት ልብሳችንን ትቶ ደረቅ ሣር ቆንጥሮ በተነ። “ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ ነው። ቀስ በሉ፣ እጃችሁን አታወናጭፉ” አለን። የእኔ ሹራብ ቀይ ቢሆንም መንጋው ሣሩን መጋጡን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ ዞረ። አንዱ ወንድ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ወዲያው ሁሉም ወደ ኮሶውና ጥዱ ገቡ። ዝንጉርጉሩ ልብስ ጠረናችንን አልሸፈነም።

ምክንያቱ ዓይናቸው ውስጥ ነው። ዓይናቸው የተጠና ሰኮና ያላቸው እንስሳት አብዛኞቹ ቀይን ከአረንጓዴ አይለዩም፤ ሰማያዊ ግን በደንብ ይታያቸዋል። ስለዚህ ከቀይ ሹራብ ይልቅ ሰማያዊ ጂንስ ያጋልጣል። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች አጋዘን አዳኞች፣ እርስ በርስ እንዳይመታቱ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ እንዲለብሱ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ አደናቸው ግን አልቆመም። ዝንጉርጉር ልብስ የሰውን ቅርጽ ስለሚሰባብር አድብቶ ለተቀመጠ ሰው ይረዳዋል፤ ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥቅሙ ትንሽ ነው።

በማግስቱ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሳነቴ ወጣን። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ይለያል፤ እንደ ፍም የቀላ ነው። ሆዱን ከመሬት አጣብቆ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ቆመ፤ ደግሞ አንድ እርምጃ። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ዘሎ ያዘው።

ይኸው አዳኝ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ሌላ ዘዴ አለው፤ በሚግጡት ጭላዳዎች መካከል ተረጋግቶ ይሄዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው በጭላዳዎች መካከል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ጊዜ ብቻ። መደበቂያው ቀለም ሳይሆን እርጋታ ነው።

ከልጆችዎ ጋር ባሌ ለመሄድ ካሰቡ ለዝንጉርጉር ልብስ ገንዘብ አያውጡ። ሲራመዱ የማይንኳኳ፣ የሚሞቅ ልብስ ይበቃል። ሽቶ ይቅር፤ ማለዳ ይውጡ፤ ነፋሱን ይዩ። የወታደር የሚመስል ልብስ በእኛ አገር ከአውሬ ይልቅ የሰው ዓይን ይስባል፤ ከሩቅ የሚያይዎ የፓርክ ጠባቂ ደግሞ ጎብኚ መሆንዎን ወዲያው ቢያውቅ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቹን ዝም ብሎ መቆምን ያስተምሯቸው፤ ይህ ከገበያ አይገዛም።