ሁለት ዓይነት «እስከ»

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 10፥8፤ 13፥8–14

አንበሳሜ፣ ከእራት በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። «የቤት ሥራዬን እስከ አርብ እጨርሳለሁ» የሚለውን ስትተረጉም «አንቲል» ብላ ጽፋ፣ መምህሯ በቀይ ሰርዞ «ባይ» አድርጎታል። «አክስቴ፣ ሁለቱም እስከ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ በአማርኛችን አንዱ «እስከ» ለሁለቱም ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። «ባይ» ቀነ ገደብ ነው፤ ሥራው ረቡዕ አለቀ ሐሙስ፣ ከአርብ አይለፍ እንጂ ግድ የለውም። «አንቲል» ግን ሳይቋረጥ ለሚቀጥል ነገር ነው፤ «እስከ አርብ እጠብቅሃለሁ» ስንል በመካከል ያለው ቀን ሁሉ መጠበቅ ነው። እንዲህ ብዬ አስረዳኋትና ተኛች። እኔን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ አባታችን ካረፈ በኋላ በመሬት ምክንያት ተኳርፈን ከቤት እንደወጣ ነው። «ጌታ ሆይ፣ እስከ ፋሲካ መልሰው» ብዬ ጾሜ ጸልዬ ነበር። ፋሲካ አለፈ፤ አልመጣም። እኔም ስሙን ከጸሎቴ አወጣሁ። ለካ የእኔ «እስከ» «ባይ» ኖሯል! ለጌታ ቀን ቆርጬለት ነበር።

ሳኦል ትዝ አለኝ። ሳሙኤል በጌልገላ ሰባት ቀን እንዲቆይ ያዘዘው፣ እርሱ መጥቶ የሚያደርገውን እስኪነግረው ድረስ ነበር። ሳኦል ሰባቱን ቀን ቆጠረ፤ «እስኪመጣ» የሚለውን ግን ጣለው። ሕዝቡ ሲበተን አይቶ መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበ፤ ገና እንደጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ። ቀኑን ጠበቀ እንጂ ሰውየውን አልጠበቀም።

ደቀ መዛሙርቱም ጌታን ስለ ጊዜው ጠይቀውት ነበር (ሐዋ. 1፥6–7)። እርሱ ግን ቀን አልቆረጠላቸውም፤ ኃይል ከላይ እስኪለብሱ ድረስ በከተማይቱ እንዲቆዩ አዘዛቸው (ሉቃ. 24፥49)። ቆዩ፤ የተስፋውም መንፈስ መጣ።

ወገኖቼ፣ ቀን ጠቅሶ መለመን ኃጢአት ነው አልልም። ቀኑ ሲያልፍ ጸሎቱም አብሮ ካለፈ ግን፣ ስንጠብቅ የነበረው ጌታን ነው ወይስ ቀኑን?

ያን ሌሊት ተነሥቼ ተንበረከክሁና የወንድሜን ስም ጠራሁ። ጠዋት ደወልሁለት፤ አላነሣም። ነገም እደውላለሁ።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ቀን ቆጣሪ ሳይሆን አንተን ጠባቂ አድርገኝ። አሜን።