ከጓሳው እስከ ማሽላው፦ ሰባት ቀን በእግር ከስሜን ወደ አዲአርቃይ

ስሜን ተራሮችን ለማየት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨነቅ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። እዚያ ድረስ የመኪና መንገድ አለ፤ ዋልያውም ከካምፑ ብዙ ሳይርቅ ገደሉ ላይ ይታያል። ፎቶ አንስቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ወደ ደባርቅ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ስሜን አለ። ብርዱን ከኋላ ትቶ በሶና በኩል ገደሉን የሚወርድ፣ በመካረቢያና በሙሊት አልፎ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ አዲአርቃይ የሚያደርስ የእግር መንገድ። እኔና ባለቤቴ የሄድነው ይህንን ነው። ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ ልጆቹን እናቴ ዘንድ ትተን።

ዉርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ሁላችንም ይህን ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። በመጽሐፍ ላይ አራት ቃላት ናቸው፤ በእግር ሲሆኑ ግን ጉልበት ላይ የሚሰሙ፣ ቆዳ ላይ የሚነበቡ ነገሮች ይሆናሉ። ሌሊት በሁለት ጋቢ ተጠቅልለን ጥርሳችን ከተፋጨበት ቦታ ተነስተን፣ በሳምንቱ ማብቂያ ነጠላችንን ውኃ ነክረን ራሳችን ላይ የምንጥልበት አገር ደረስን። ድንበር አልተሻገርንም፤ አውሮፕላንም አልተሳፈርንም።

ጉዞው ያለ ዝግጅት የሚሞከር አይደለም። በተለይ እኛ ቤት። ባለቤቴ ያኔ 51 ዓመቱ ነበር፤ የደም ግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከሚወስዳቸው እንክብሎች አንዱ ውኃ ከሰውነት በሽንት የሚያስወጣው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሙቀት አገር ቶሎ ውኃ ያጥረዋል፤ ግፊቱም በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመነሳታችን ከወር በፊት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ፣ እስኪጠማው ሳይጠብቅ እንዲጠጣ፣ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ በጥላ እንዲያሳልፍ፣ ራሱን ካዞረው እዚያው እንዲቆም ነገረው። የግፊት መለኪያውን ይዘን ሄድን። ለተቅማጥ ብቻ የሚመስለን ያ የኦ አር ኤስ ዱቄትም 20 ከረጢት ተገዛ። ስንቁ የኛው ነው፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ከውጭ የመጡ የኃይል ሰጪ ብስኩቶች ውድ ናቸው፤ ከበሶ የሚበልጡበት ነገርም አልታየኝም።

ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ነው። መግቢያው የሚከፈለው፣ መሣሪያ የያዘው ስካውት የሚመደበውም እዚያ ነው። ያለ ስካውት መግባት አይፈቀድም። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ደግሞ እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ ነው። እኛ ሁለት በቅሎ ከነጂያቸው ጋር ያዝን። ስካውታችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከኛ ይልቅ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸው ነበር።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብዙ ተጽፏልና አላረዝመውም። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ግጭ 3,600 ይደርሳል። ጭላዳዎቹ በመቶዎች ሆነው ሣር ይነጫሉ፤ ሰው አጠገባቸው ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ጅብራው በጭጋግ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል። አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ እየለቀቀ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራም አየን። ልቤን የነካው ግን የግጭ ባዶነት ነው። የመንደሩ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ለፓርኩ ሲባል ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። የቤቶቹ ቦታና የገብስ ማሳዎቹ ድንበር ገና ይታያል፤ ሣሩ ግን እየዋጠው ነው። ስሜን በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገብቶ በ2017 ወጣ። ከዝርዝሩ መውጣቱ ደስ ያሰኛል። ዋጋውን ማን እንደከፈለ ግን እዚያ ሣር ላይ ቆመው ሲያዩት አይጠፋም። ጋሼ ስለዚህ ስንጠይቃቸው «ለሣሩ ጥሩ ሆነ» ብለው ዝም አሉ።

አራተኛው ቀን ከጨነቅ ወደ ሶና ነው። ከዚህ ጀምሮ ቱሪስት አላየንም። አምስተኛው ቀን ነው ፈተናው።

ከሶና ወደ መካረቢያ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከሩቅ ስታዩት ሰው የሚወርድበት አይመስልም፤ ሕፃናት ግን ፍየል እየነዱ ይወጡበታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። አስታው ቀረ፣ ጓሳው ቀረ፣ ገብሱ ቀረ። ከአንድ ኩርባ በኋላ አየሩ እንደ ምጣድ እንፋሎት ፊታችንን መታን። 4 ሰዓት ሲሆን ከገደሉ ግድግዳ የሚመለሰው ሙቀት ከፀሐዩ የባሰ ነበር። ቁልቋል መጣ፣ ግራር መጣ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቁልቁለት ቀላል ነው የሚል ሰው ሦስት ሰዓት ወርዶ አያውቅም።

ባለቤቴ ወሬ ወዳጅ ነው። ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ሳይሆን ወዲያው ነው፤ ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ዝምታ ይለያል። «ደህና ነህ?» ስለው «ትንሽ አዞረኝ» አለ። ፊቱ ነጥቷል። ጋሼ አንድ ዋንዛ ሥር ጋቢ አነጠፉ፤ እግሩን ኮርቻው ላይ ሰቀልንለት። ግፊቱን ለካሁት፦ 92 በ58። ቤት ስንለካ 140 ሲወርድ የምንደሰት ሰዎች ነን።

ስልክ አይሠራም። ወደ ኋላ ቢባል የመኪና መንገድ ያለው ጨነቅ ነው፤ የወረድነውን ሁሉ ሽቅብ መውጣት ማለት ነው። ወደ ፊት አዲአርቃይ ሁለት ቀን ይቀራል። ኦ አር ኤሱን በጥብጬ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት፤ ነጠላዬን አርጥቤ አንገቱ ላይ አደረግሁ። በአካባቢው ካለች ጎጆ አንዲት እናት በቅል አሬራ ይዘው መጡ። «አይዞህ ልጄ፣ ደገኛን እንዲህ ያደርገዋል» አሉት። አዲስ አበቤ መሆኑን ለማስረዳት አቅም አልነበረውም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ 108 በ66 ሆነ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መናገር ጀመረ። የተናገረው ግን የጠበቅሁትን አልነበረም።

«አባዬ ሲሞት ስንት ዓመቱ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

በስትሮክ መሞታቸውን አውቃለሁ፤ ከመጋባታችን በፊት ነው። ዕድሜያቸውን ጠይቄ አላውቅም።

«52። እኔ መጋቢት ላይ 52 እደፍናለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆጥር እንደኖረ ያኔ ነገረኝ። ማታ ማታ እኔ ሳልነቃ ተነስቶ ግፊቱን ይለካል። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የተለየ ሒሳብ ከፍቶ፣ የባንክ ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ የት እንዳስቀመጠ ሊነግረኝ ፈልጎ አፉ እምቢ ብሎታል። ይህን ጉዞም የፈለገው ለተራራው ፍቅር ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነቱ የአባቱ ሰውነት እንዳልሆነ ለማየት ነው። እኔ አልቅሼም ተቆጥቼም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ። ጋሼ በጨዋነት በቅሎዎቹን ለማጠጣት ሄዱ።

ፀሐዩ እስኪበርድ እስከ 10 ሰዓት እዚያው ቆየን። ስንነሳ ጋሼ ወደ በቅሎዋ አመለከቱ። ባለቤቴ እምቢ አለ። «በቅሎ ላይ መቀመጥ ነውር አይደለም» አሉት፣ «እኛ አገር በእግሩ የሚሄደው በቅሎ ያጣ ነው።» ሳቀ፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅም ወጣባት። መካረቢያ የገባነው በጨረቃ ነው።

ከዚያ በኋላ አካሄዳችንን ለወጥን። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጥላ መፈለግ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እንደገና መነሳት። የአገሬው ሰው ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚሄደው። ከመካረቢያ ወደ ሙሊት ባለው መንገድ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበታችን ቆመን እንደ ልጅ ተራጨን። ማሽላው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ቆሟል። ወደ ኋላ ዞር ብለን ወደ ላይ ስናይ፣ ከሦስት ቀን በፊት ጫፉ ላይ ቆመን ቁልቁል ያየንበት ገደል እንደ ግንብ ሰማዩን ይዞታል። ከላይ ሲታይ ስሜን ገደል ነው፤ ከታች ሲታይ ግን የአምባዎች ከተማ ነው፤ ለኔ የታችኛው ይበልጣል።

ከቤተሰብ ጋር ለምታስቡ፦ ከሳንቃበር እስከ ግጭ ያለው መንገድ ልብሱና ጫማው ከተሟላ መራመድ ለሚወዱ ከፍ ያሉ ልጆች ይሆናል። ከሶና በታች ያለውን ግን ለልጆች አልመክርም። የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ሁለት ምርኩዝ ይያዝ። ውኃው ሁሉ ይፈላ ወይም ይጣራ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ከዚያ ወዲያ ቆላው ይብሳል። እኛ ከሄድን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ውስጥ እሳት ተነስቶ ጓሳውን በላው፣ ለማጥፋትም ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ስለዚህ የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የቆየ መረጃ ይዛችሁ አትነሱ።

አዲአርቃይ በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደረስን። ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠን የጋለ ለስላሳ ጠጣን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ለስላሳ የለም። ጋሼን አቅፈን ተሰናበትን። ወደ ደባርቅ የሚመልሰው አውቶቡስ ሊማሊሞን ሲወጣ፣ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ገደሉን ቆርጠው ያወጡትን ያንን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ባለቤቴ መስኮቱን ዘግቶ ጋቢውን ደረበ። ከአንድ ኩርባ በኋላ ዞር ብሎ የባንክ ደብተሩ ከክረምት ልብሶቹ ሥር፣ በግራ በኩል እንዳለ ነገረኝ።