የዝንጀሮዎቹ ሕመምና የእኔ

«ስትወልጂ ይተውሻል።» ይህችን ቃል ከእናቴ፣ ከአክስቶቼና ከጎረቤት ሴቶች ሳልሰማ ያለፈ ወር አላስታውስም። በየወሩ ሁለት ቀን ከአልጋ መነሳት ያቅተኝ ነበር። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው ሆዴ ላይ ያደርጉልኛል፣ ጤና አዳም አፍልተው ያጠጡኛል፣ ቃሏም ትደገማለች። የሕመሙን ስም የሰማሁት በ31 ዓመቴ፣ ልጅ ፈልገን ሁለት ዓመት ከጠበቅን በኋላ ነው፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ፣ ኦቫሪ ላይ፣ አንጀት አጠገብ ይበቅላል። በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 አንዷ ገደማ ይህ ሕመም አለባት። እኔ ግን ማወቅ የፈለግሁት ከየት እንደመጣብኝ ነበር። ሳነብ ሳነብ ያላሰብኩት ቦታ ደረስኩ፤ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ዘንድ።

ላም፣ በግና ድመት የወር አበባ አያዩም። (ውሻ ስትደማ አይታችሁ ከሆነ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።) ዝንጀሮ ግን እንደኛው በየወሩ ታያለች፤ ሕመሙም ማንም ሳይነካት በራሱ ጊዜ ይይዛታል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን በ1920ዎቹ፣ የወር አበባ ደም ከፊሉ በማህፀን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል፣ አብሮት የሄደውም ሥጋ እዚያው ይጣበቃል ብሎ ነበር። ይህን ሴት ላይ መሞከር አይቻልም። ኬንያ ናይሮቢ በሚገኘው የፕራይሜት ምርምር ተቋም ግን ተመራማሪዎች ከዝንጀሮዎች የወር አበባ የተወሰደ ሥጋ እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ሲያስገቡ ሕመሙ ተፈጠረ። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ በእኛም አገር ገደልና ጫካ የሚኖሩት ዓይነት ናቸው።

ቆም ብዬ ያሰብኩት ሌላው ግኝታቸው ላይ ነው። በግዞት የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሕመሙ የሚገኝባቸው ዝንጀሮዎች ቁጥር ይጨምራል። በዱር ያለች ዝንጀሮ አብዛኛውን ዕድሜዋን ወይ እርጉዝ ናት ወይ ታጠባለች፤ የወር አበባ የምታየው ጥቂት ጊዜ ነው። በአጥር ውስጥ ያለችው ግን ሳታረግዝ በየወሩ ትደማለች። እናቶቻችን ያሏት ቃል ውስጥ እንግዲህ ቅንጣት እውነት አለች። መድኃኒት ግን አይደለችም። እኔ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወለድኩ፤ ጡት ሳስጥል ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

ደም ወደ ኋላ መፍሰሱ ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኞቹ ሴቶች ላይ ይፈስሳልና፣ የሚታመሙት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ ሌላ የሚያግዘው ነገር ይፈለጋል። ዘር አንዱ ነው። ሁለተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ለአራት ዓመት ያህል ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ከምግባቸው ጋር የተሰጣቸው ሬሰስ ጦጣዎች ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ መርዙ በበዛላቸው መጠን ሕመሙም ከብዶ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ጦጣዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ በሴቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። ቢሆንም ዳይኦክሲን ቆሻሻ፣ በተለይም አንዳንድ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣ፣ በሥጋና በወተት ስብ በኩል ሰውነታችን ገብቶ ለዓመታት የሚቀመጥ ነገር ነው። ግቢያችን ጥግ ፌስታልና የውሃ ላስቲክ ክምር ላይ ክብሪት የሚጫርበትን የቅዳሜ ጠዋት አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ጥበቃችን ጋሼ ሲያቃጥሉ ካየሁ ነጠላዬን አጣፍቼ እወርዳለሁ። «አንቺ ደግሞ ጭስ ትፈሪያለሽ» ብለው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባ ማየት የጀመረችው አምና ነው። እናቷ የታመመች ልጅ ከሌላው ይልቅ የመታመም ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ ትንሽ ደብተር ገዛሁላት። ሕመሟን ከ0 እስከ 10 ትመዝናለች፣ ከትምህርት የቀረችበትን ቀን ታሰምራለች። ባለፈው ወር 8 ጽፋ ሁለት ቀን አሰምራለች። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለን፤ ደብተሯን ራሷ ይዛ እንድትገባ ተስማምተናል።